አረቦን ቀብድ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። በቅርቡ ያገለገለች ቪትዝ ገዝቼ ሙሉ ኢንሹራንስ ገባሁ። ውሉን ቤት ወስጄ ሳነበው አማርኛው አማርኛ አልመስል አለኝ። አንድ ጎረቤቴ «አረቦን ቀብድ ነው» አለኝ። ታዲያ ዓመቱን ሳልጋጭ ብጨርስ ይመለስልኛል? «መድን ገቢ» የተባለውስ እኔ ነኝ ወይስ ድርጅቱ?

መልስ፦ ጎረቤትዎ ዝም ብሎ አልተናገረም። አረቦን በግዕዝ መያዣ ማለት ነው። የኢንሹራንስ ሰዎች ግን ቃሉን ወስደው ሌላ ሥራ ሰጡት። በውልዎ ላይ አረቦን ማለት ድርጅቱ ሥጋትዎን ስለተሸከመልዎ የሚከፍሉት ዋጋ ነው። ባይጋጩም ዓመቱን ሙሉ ተሸክሞልዎታልና አይመለስም። ካሳ ሳይጠይቅ ለከረመ ደንበኛ ውል ሲታደስ ቅናሽ የሚያደርጉ ስላሉ እሱን ይጠይቁ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ደስ ይላል። «ዋስትና ገባ» ስንል ግዴታ ያለበት የገባው ሰው ነው። ተበዳሪው ቢጠፋ እሱ ይከፍላል። «ቃል ገባ»ም ያው ነው። በዚህ ልማድ ላነበበው «መድን ገቢ» ድርጅቱ ቢመስለው አይፈረድበትም። እዚህ ላይ ግን «ገባ» የሚሠራው «እድር ገባ» እንደምንለው ነው። እድር የገባ ሰው መዋጮውን ይከፍላል፤ ችግር ሲደርስበት ይደረስለታል። ስለዚህ መድን ገቢ እርስዎ ነዎት፤ ድርጅቱ መድን ሰጪ ነው።

ያልጠየቁኝን ልጨምር። «ሦስተኛ ወገን» ሲባል ዘመድ አዝማድ የሚመስለው አለ። እዚህ ወገን ማለት የጉዳዩ ባለቤት የሆነ አካል ነው። አንዱ እርስዎ፣ ሁለተኛው ድርጅቱ፣ ሦስተኛው ከውሉ ውጭ ሆኖ መኪናዎ ጉዳት ያደረሰችበት ሰው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለባለመኪና ሁሉ ግዴታ ያደረገው ይህንን ሽፋን ነው። ከጣፎ ወደ መገናኛ ሲወርዱ የሰው ስፖኪዮ ሰብረው የራስዎ ኮፈን ቢጨማደድ፣ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ስፖኪዮውን እንጂ ኮፈኑን አያይልዎትም። ለኮፈኑ ነው ሙሉ ኢንሹራንስ የገቡት።

እሱም ቢሆን «ኤክሰስ» አለበት። አንዳንዶች «ተቀናሽ» ይሉታል። እኔም ተቀናሽ ቢባል እመርጣለሁ፤ ችግሩ ከ«ቅናሽ» ጋር መምታታቱ ነው። ቅናሽ ለእርስዎ የሚደረግ ነው፤ ተቀናሽ ግን ከካሳዎ ላይ የሚነሳ። ጥገናው 60,000 ብር ቢፈጅና ተቀናሹ 5,000 ቢሆን ድርጅቱ 55,000 ይከፍላል፤ ቀሪው ከኪስዎ ነው። አንዳንዱ ውል በብር፣ አንዳንዱ በመቶኛ ስለሚያስቀምጠው፣ ሰነዱ እጅዎ ላይ እያለ ይፈልጉት።