የእንቁላል ሳንድዊቹ ልስላሴ ያለው ክዳኑ ሥር ነው

«ቤት የምሠራው የእንቁላል ሳንድዊች የፈጣን ምግብ ቤቶቹን አይመስልም፤ እንቁላሉ ጠርዙ ይደርቃል፣ ዳቦውም ይጠነክራል። የእንቁላል ቀለበት (እንቁላል በክብ የሚጠበስበትን ብረት) ብገዛ ይስተካከል ይሆን?» ብለው ለጠየቁት አባላችን፦ ቀለበት ቅርጽ እንጂ ልስላሴ አይሰጥም። የጎደለዎት ክዳንና ሁለት ማንኪያ ውኃ ነው። ከሥራ በፊት ይህን ሳንድዊች መሥራት የዘወትር ልማዴ ስለሆነ፣ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎት።

የእንቁላል ነጭ መርጋት የሚጀምረው ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ ከፍ ሲል ነው፤ አስኳሉ ደግሞ በ65 እና በ70 መካከል። መጥበሻ ሙቀት የሚሰጠው ከታች ብቻ በመሆኑ ላዩ እስኪበስል ድረስ ታችኛው ክፍል ያርራል፣ ይደርቃል። እንፋሎት ግን ከላይም ስለሚያበስለው ሁለቱም ወገን እኩል ይደርሳሉ፤ መገልበጥም አያስፈልግም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጥበሻውን በመካከለኛ እሳት ያሙቁና ቅቤ ያድርጉበት፤ ቀለበቱንም ውስጡን ቅቤ ቀብተው ያስቀምጡት። ቀለበቱ ራሱ እስኪግል ይታገሡ። እንቁላሉ የጋለ ብረት ሲነካ እዚያው ይረጋና በሥሩ ሾልኮ አይወጣም፤ በቀዝቃዛ ቀለበት ከሆነ ግን መጥበሻው ላይ ይንጣለላል። እንቁላሉን ሰብረው ካስገቡ በኋላ አስኳሉን በሹካ ጫፍ ወጋ አድርገው ያፍስሱት፤ አይምቱት። ጠርዙ መንጣት ሲጀምር ከቀለበቱ ውጪ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጠብ ያድርጉ፣ ወዲያው ይክደኑ፣ እሳቱንም ዝቅ ያድርጉ። ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ክዳኑን ሲያነሡ ላዩ የማይንቀጠቀጥ፣ ብርሃን የማያንጸባርቅ ነጭ ሆኖ ካገኙት ደርሷል። ለሕፃናት ወይም ለነፍሰ ጡር የሚሠሩ ከሆነ አስኳሉ ጨርሶ እስኪረጋ ይጠብቁ።

አስኳሉን ማፍሰስ ለምን አስፈለገ የሚል አይጠፋም። በእጅ ተይዞ የሚበላ ነገር ሸሚዝ ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው። ኤግ ማክመፊን የተባለው የማክዶናልድስ የእንቁላል ሳንድዊች ፈጣሪ ኸርብ ፒተርሰን በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ የማክዶናልድስ ምግብ ቤት ነበረው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተነሣው ኤግስ ቤኔዲክት ከሚባለው፣ ሶስ ፈሶበት በሹካና በቢላ ከሚበላው የእንቁላል ቁርስ ነው። እንቁላሉን በቴፍሎን ቀለበት ውስጥ አስኳሉን አፍስሶ አበሰለው፤ በሶሱ ፋንታም ቁራጭ ቺዝ አደረገበት። እኔ እንደሚመስለኝ የሳንድዊቹ ብልሃት በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቺዙ ካነሣን፣ የታሸገውን ስስ ቁራጭ ቺዝ የሚንቁ ብዙ ናቸው። ለዚህ ሥራ ግን የሚተካው የለም። የሚጨመሩበት ጨዎች ስቡንና ውኃውን አያይዘው ስለሚያቆዩት ሲቀልጥ ልስልስ ይላል፤ የቆየ ጠንካራ ቺዝ ግን ዘይቱን ለብቻው ይተፋል። ጥሩውን ቺዝ ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ቀለበት ከሌለዎት ወፍራም የሽንኩርት ቀለበት ይሠራል፤ ጣዕሙንም አልጠላውም። ክብ ቅርጽ ግድ የማይሰጥዎት ከሆነ እንቁላሉን ከትንሽ ወተት ጋር መትተው መጥበሻው ላይ በስሱ ያፍስሱትና ሲረጋ ጠርዞቹን ወደ መሐል ያጥፉ። አንዳንድ ምግብ ቤቶችም የታጠፈውን ያቀርባሉ።

ዳቦው ኢንግሊሽ መፊን የሚባለው ክብና ጠፍጣፋ ዳቦ ከሆነ በቢላ አይቁረጡት፤ ዙሪያውን በሹካ እየወጉ ይሰንጥቁት። ውስጡ ሸካራ ሆኖ ይቀራል፣ ቅቤውም ጉድጓዶቹ ውስጥ ይገባል። የተሰነጠቀውን ፊት ብቻ በቅቤ ይጥበሱት፤ ውጪውን እሳት አያስነኩት።

አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚዘለው ነገር። ዳቦ፣ ቺዝ፣ ትኩስ እንቁላል፣ ሥጋ ከወደዱ ሥጋውን ደርበው ከከደኑ በኋላ ወዲያው አይብሉት። በመጋገሪያ ወረቀት ወይም በፎይል ጠቅልለው ሁለት ደቂቃ ያቆዩት። ከእንቁላሉ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ዳቦውን ያለሰልሰዋል፣ ቺዙን ያቀልጠዋል፣ ሁሉንም አንድ ያደርገዋል። ቤት ውስጥ ዳቦው የሚጠነክርብዎት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከመጥበሻ ወደ ሳህን፣ ከሳህን ወደ አፍ ስለሚሄድ። ምግብ ቤቱ የሚጠቀልለው ለመሸከም እንዲመች ቢሆንም ልስላሴውን የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ለሳምንቱ አንድ ላይ ሠርቶ ማስቀመጥም ይቻላል። አስኳሉ በደንብ ይብሰል፤ ሁሉም ነገር ከቀዘቀዘ በኋላ ይገጣጠም፤ ትኩስ እያለ ከተጠቀለለ እንፋሎቱ በረዶ ይሠራና ሲቀልጥ ዳቦውን ያረጥበዋል። አንድ በአንድ ጠቅልለው ማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ ይክተቱ፤ ሊበሉት ባሰቡበት ዋዜማ ማታ ከበረዶ ክፍሉ ወደ ማቀዝቀዣው ታችኛ ክፍል ያውርዱት። ጠዋት ፎይሉን አውልቀው በወጥ ቤት ወረቀት ይጠቅልሉና ማይክሮዌቩን በግማሽ ኃይል አድርገው መሐሉ እስኪግል ያሙቁት፤ በሙሉ ኃይል ከሆነ እንቁላሉ ጎማ ይሆናል። ቲማቲምና ሰላጣ አብረው አይቀዝቅዙ፤ ከሞቀ በኋላ ይጨምሩ።