ሊብሬው ቮልስ፣ ማስታወቂያው ፖርሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። አባቴ ይነዳት የነበረች፣ በቮልስ ሻንሲ ላይ የፋይበር ግላስ ቦዲ ተገጥሞላት የተሠራች ፖርሽ ስፒድስተር አለችኝ። ቅዳሜና እሑድ ለሠርግ አከራያታለሁ፤ ሙሽሮች ሐይቁ ዳር ፎቶ ይነሱባታል። አሁን ከአንድ የአዲስ አበባ ሰው ጋር በዋጋ ተስማምተን ቀብድ ልኮልኛል። ሰነዷ ሙሉ ነው፣ ቦሎም አላት። ጀርመን ያለው ወንድሜ ደግሞ ተመሳሳይ መኪና ፈታትቶ በጂቡቲ በኩል ሊልክልኝ ያስባል። የሽያጭ ውሉን እንዴት ላዘጋጅ? ለማስመጣቱስ ምን ያስፈልገኛል?»

መልስ፦ ውሉ ይቆየን፤ መጀመሪያ ሊብሬውን አውጥተው ያንብቡት። «ሰነዷ ሙሉ ነው» ብለውኛል፤ ሰነዱ መኪናዋን ምን ብሎ እንደሚጠራት ግን ሳይነግሩኝ አልፈዋል። ሻንሲዋ የቮልስ ከሆነ ሊብሬው ላይ መኖር ያለበት ስም ቮልስዋገን፣ ዘመኑም ቮልሱ የተሠራበት ዘመን ነው። ቦዲው ሲቀየር ለትራንስፖርት ቢሮው ያሳወቀ ሰው ከሌለ፣ ወረቀቱ ላይ ያለችው ባለ ጣሪያዋ ቮልስ ናት፤ ግቢዎ የቆመችው ግን ጣሪያ የሌላት ባለ ሁለት ወንበር መኪና። ታዲያ ቀብዱን የተቀበሉት ለየትኛዋ ነው?

ሻጮች ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኞቹም ክፉ አስበው አይደለም። ሰፈሩ በሙሉ «ፖርሿ» ይላታል፣ የኋላ ክዳኗ ላይ የፖርሽ ስም ተለጥፏል፣ ባለቤቱም በቴሌግራም «ፖርሽ ስፒድስተር፣ ክላሲክ» ብሎ ያስተዋውቃታል። ገዢው ሲደውል «ያው ሻንሲዋ የቮልስ ነው» ይለዋል። ውሉ ሲጻፍ ግን ደላላው ወይ ከማስታወቂያው ወስዶ «ፖርሽ» ይላል፣ ወይ ከሊብሬው ገልብጦ «ቮልስዋገን» ብቻ ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ፍርድ ቤት ያደርሳሉ።

«ፖርሽ» ብለው ከፈረሙ የሸጡት የሌለዎትን ዕቃ ነው። እውነተኛው ፖርሽ 356 ስፒድስተር እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣ፣ ዛሬ በውጭ አገር ጨረታ በመቶ ሺዎች ዶላር የሚሸጥ መኪና ነው፤ ቅጂው ከዚያ ዋጋ አጠገብ አይደርስም። ገዢው ነገሩ ሲገባው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1697 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ስህተት፣ በቁጥር 1704 ደግሞ ተንኮል ተፈጽሞብኛል ብሎ ውሉ እንዲፈርስ ይጠይቃል። የመክሰሻ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ ነገር ግን ሁለት ዓመቱ በቁጥር 1810 መሠረት የሚቆጠረው ማፍረሻው ምክንያት ከተወገደበት ቀን እንጂ እርስዎ ከሸጡበት ቀን አይደለም። ገንዘቡን ቤት ከሠሩበት በኋላም ሊመጣብዎት ይችላል። ማስታወቂያውን አስቀምጦ ከሆነ ፖሊስ ጋርም ሄዶ አታለለኝ ከማለት የሚያግደው የለም።

«ቮልስዋገን» ብቻ ብለው ከፈረሙ ደግሞ ገዢው አዲስ አበባ ስመ ንብረት ሊያዛውር ሲቀርብ መርማሪው ወረቀቱንና መኪናውን ያስተያያል። አይመሳሰሉም። ዝውውሩ ይቆማል፣ ገዢው ወደ እርስዎ ይመለሳል። «በቃል ነግሬው ነበር» የሚለው መከላከያዎ ደካማ ነው፤ በቁጥር 2005 መሠረት የተፈረመ ጽሑፍ በተፈራራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ስለሆነ የስልክ ወሬ አያሸንፈውም። ቦሎውንም አይመኩበት። ቦሎ መኪናዋ መንገድ ላይ ለመውጣት ብቁ ናት ይላል እንጂ ማንነቷን አያጸድቅም።

አሁን ከሁለቱ ወንበሮች ጀርባ፣ የቮልሱ የኋላ ወንበር የነበረበትን ቦታ ይግለጡ። ከፊት ወደ ኋላ መሐል ለመሐል በሚዘልቀው ዋሻ መሰል ብረት ላይ፣ ከዚያ ወንበር ቦታ ሥር፣ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቶ ያገኙታል። የሞተር ቁጥሩ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ግርጌ፣ ሞተሩ ላይ ነው። የቮልስ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2400 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ356ቱ 2100 ነው። ስለዚህ ልኩን የጠበቀ ቅጂ ለመሥራት ሻንሲው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል። ብየዳው ለቁጥሩ ከተጠጋ፣ ወይም ቁጥሩ ላይ ስቱኮና ቀለም ከፈሰሰበት፣ መርማሪ ዓይን ላይ የሚያርፈው የተነካካ ቁጥር ነው፤ ቀጣዩ ጥያቄም «ይህች መኪና ከየት መጣች?» ነው። ቁጥሩን ቤንዚን በነካ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉት፤ ብርጭቆ ወረቀትም ግራይንደርም አያስነኩት። ከዚያ ቁጥሩንም ብየዳውንም ፎቶ ያንሱ። እግረ መንገድዎን ባትሪው ሥር ያለውን ወለል ይዩት፤ የቮልስ ባትሪ እዚያው ወንበር ሥር ስለሆነ አሲዱ ብረቱን ይበላዋል። በላዩ ላሜራ አስደርበው ከሆነ ለገዢው ይንገሩት። ሻጭ አውቆ የደበቀውን ጉድለት «እንዳለች ተሸጣለች» የሚል አንቀጽ አያድነውም።

ከሽያጩ በፊት የቦዲ ለውጡን መዝገብ ላይ ያስገቡ። ማመልከቻ፣ ሊብሬ፣ ያሠሩበት ጋራዥ ደረሰኝ ወይም ደብዳቤ እና ፎቶዎቹን ይዘው ትራንስፖርት ቢሮው ይቅረቡ፤ የቴክኒክ ምርመራው ውጤት በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ደረሰኝ ከሌለ ቦዲውን የሠራውን ባለሙያ አሁኑኑ ያፈላልጉት፤ ከዓመታት በኋላ የሚገኝ ምስክር አይደለም። ውሉ ውስጥ ደግሞ ይህን የመሰለ አንቀጽ ይግባ፦ «የሚሸጠው በሻንሲ ቁጥር እንዲህ የተመዘገበ ቮልስዋገን ነው። ቦዲው ከፋይበር ግላስ የተሠራና የፖርሽ 356 ስፒድስተርን ቅርጽ የያዘ ነው። መኪናው በፖርሽ ፋብሪካ አልተሠራም። ሻንሲው ተቆርጦ አጥሯል። ገዢ ይህን አይቶና ተረድቶ ገዝቷል።» በእያንዳንዱ ገጽ ይፈራረሙ፣ ውልና ማስረጃም ፊት ይቅረቡ። የፖርሽ ስም የተለጠፈበትን ቢያነሱት ይሻላል፤ የንግድ ምልክት ሕግ ያለበት ነገር ነው። ዋጋውንም ለቴምብር ቀረጥ ብለው ዝቅ አያድርጉ፤ ነገ ክርክር ቢነሳ የሚያስረዱት በተጻፈው ቁጥር ነው።

ሌላው ያለፉት ነገር አባትዎ ናቸው። «ይነዳት የነበረች» ነው ያሉኝ። አርፈው ከሆነ ነፍስ ይማር፤ ግን ሊብሬው በስማቸው ካለና እርስዎ በሰጡዎት ውክልና ሊሸጡ ካሰቡ ይተዉት። ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል፣ ቁጥር 2232። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይውጣ። ጀርመን ያለው ወንድምዎም የአባትዎ ልጅ ከሆነ ወራሽ ነው፤ በኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና ይላክልዎ። እናትዎ በሕይወት ካሉ ከጋራ ንብረቱ ድርሻ አላቸው፤ እርሳቸው ሳይፈርሙ አይሸጥም። አባትዎ በሕይወት ካሉ ደግሞ ራሳቸው ቀርበው ይፈርሙ፤ ለሁሉም ቀላሉ ይህ ነው።

ቀብዱን ሳይነኩ ያስቀምጡት። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪ ውሉን ቢተው ገንዘቡን ያጣል፤ ተቀባይ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ሰነዱ ሳይስተካከል ቀን ቆርጠው ከሆነ እጥፉ በእርስዎ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ዛሬውኑ ለገዢው በጽሑፍ፣ ዝውውሩ የሚፈጸመው የቦዲ ለውጡ ከተመዘገበ በኋላ መሆኑን አስፈርሙት። እምቢ ካለ ገንዘቡን በስምምነት መልሰው መለያየት ይሻላል። ቁልፉንም ስሙ ሳይዛወር አይስጡ፤ በቁጥር 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው።

የሠርጉ ኪራይ? ታርጋዋ ኮድ 2 ከሆነ የግል መኪና ናት። እስከምትሸጥ ኪራዩን ያቁሙ፤ የመድን ውልዎ ለኪራይ መዋሉን ይሸፍን እንደሆነም ያንብቡ።

ስለማስመጣቱ አጭር ነው፤ አሁን ባለው ሁኔታ ለወንድምዎ «አትላክ» ይበሉት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ክልከላው ባይኖር እንኳ በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ላገለገሉ አሮጌ መኪኖች የተቀመጠው ታክስ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ነው። በቅጂ መኪና ላይ ደግሞ የዕድሜው ጥያቄ ይመጣል፦ በጀርመን የምዝገባ ሰነድ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ ምዝገባ የቮልሱ ከሆነ፣ ቦዲው ትናንት ቢሠራም መኪናው በወረቀት የ60 ዓመት ሽማግሌ ነው።

«ፈታትቶ ይልከዋል» የሚለውን ምክር የሰጠዎት ሰው ጉዳት ላይ ጥሎዎታል። ጉምሩክ ዕቃ የሚመድበው በዓለም አቀፉ የሸቀጦች አመዳደብ ሥርዓት ሲሆን፣ ጠቅላላ የትርጓሜ ደንቡ 2(ሀ) ተፈታትቶ የቀረበን ዕቃ እንደ ሙሉ ዕቃ ይቆጥረዋል። ያልተጠናቀቀም ቢሆን የሙሉውን ዋና ባሕርይ ከያዘ እንዲሁ ነው። ሻንሲ፣ ቦዲ፣ ሞተርና ካምቢዮ በአንድ ኮንቴይነር ከመጡ መኪና ነው። ዲክላራሲዮኑ ላይ «መለዋወጫ» ብሎ መጻፍ በአዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት በጉምሩክ ጥፋት ያስጠይቃል፤ ዕቃው ሊወረስ፣ ክስም ሊከተል ይችላል፤ ስምዎ የሚገኘውም ተቀባይ በሚለው ቦታ ላይ ነው። ለያዟት መኪና የሚሆን ካርቦራቶር ወይም የፍሬን ዕቃ በትክክለኛ ስሙና ደረሰኙ ማስመጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ወንድምዎ አሁንም ካልተዋጠለት የምዝገባ ሰነዱን፣ የግዢ ውሉንና የመኪናውን ፎቶ ይላክልዎ፤ እርስዎም ፈቃድ ካለው የጉምሩክ አስተላላፊና ከጠበቃ ጋር ሆነው ለጉምሩክ በጽሑፍ ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ። ይህ ሁሉ ኮንቴይነሩ ከሐምቡርግ ሳይነሳ ይለቅ፤ ጂቡቲ ከደረሰ በኋላ የወደቡ ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል፣ ዕቃውን መልሶ የመላኩም ወጪ የእናንተው ነው።