ስለ አርያን ሮበን ጠይቁኝ፤ ግን አንብባችሁ ጠይቁ

ኮች፦ ሰላም ለሁላችሁ። በቃሌ መሠረት ዛሬ ማታ ስለ ኔዘርላንዱ የክንፍ ተጫዋች አርያን ሮበን ነው። ክለቦቹን፣ የኔዘርላንድ ብሔራዊ ቡድንን፣ ጉዳቱን፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ሁለት ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ። የሁለት ደቂቃ ክሊፕ አይታችሁ አትከራከሩኝ፤ ሙሉ ጨዋታ እዩ። ደግሞ የተመለሰ ጥያቄ አትድገሙብኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

የፒያሳ ልጅ፦ ኮች እንደምን አመሹ? ከየት ተነሳ፣ የት የት ተጫወተ? ባጭሩ ቢነግሩን።

ኮች፦ እግዚአብሔር ይመስገን። በ1984 ቤዱም በምትባል የሰሜን ኔዘርላንድ ትንሽ ከተማ ተወለደ። በ2000 መጨረሻ፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ ለግሮኒንገን ዋናው ቡድን ገባ። 2002 ፒኤስቪ፣ 2004 ቼልሲ፣ 2007 ሪያል ማድሪድ፣ 2009 የጀርመኑ ባየርን ሙኒክ። ባየርን አሥር ዓመት ቆየ። 309 ጨዋታ፣ 144 ጎል፣ 8 የቡንደስሊጋ ዋንጫ። ለሀገሩ 96 ጨዋታ፣ 37 ጎል።

ሰማያዊ ደም፦ ማንቸስተር ዩናይትድ ሊገባ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ኮች፦ እውነት ነው። ከዩናይትድ አሰልጣኝ ከፈርጉሰን ጋር ተገናኝተው አውርተዋል። ቼልሲ ቀድሞ 12 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ፣ አለቀ።

አዲስ ገቢ፦ ኮች ስለ ሮበን ምን ይላሉ?

ኮች፦ እጅ እግር የሌለው ጥያቄ ነው። ስለ ምኑ?

አዲስ ገቢ፦ በአጠቃላይ።

ኮች፦ በአጠቃላይ ጎበዝ ነበር። ቀጣይ።

የካዛንቺሷ፦ እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ከቀኝ መስመር ወደ ውስጥ ገብቶ በግራ እግሩ እንደሚመታ ዓለም ሁሉ ያውቃል። ታዲያ እንዴት አሥር ዓመት ሙሉ ማቆም አቃታቸው?

ኮች፦ ጎሽ! ይሄን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ግራ እግሩ ነው። ጥሩ ግራ እግር ያለው ሰው ሞልቷል። የሮበን ነገር ያለው ከምቱ በፊት ነው። ኳሷን የሚቀበለው ነጩ መስመር ላይ ቆሞ ነው። ተመላላሹ፣ የመስመር ተከላካዩ ማለቴ ነው፣ ፊቱ እስኪደርስ ይጠብቀዋል። ከዚያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አዎ፣ ይቀንሳል! እርምጃውን ያሳጥርና በግራ እግሩ የውጭ ጠርዝ ኳሷን ቶሎ ቶሎ ይነካካታል። በእያንዳንዱ እርምጃ ኳሷ እግሩ ሥር ናት። ስለዚህ በፈለገው ሰዓት ወደ ሁለቱም ጎን መሄድ ይችላል። ተከላካዩ ግን አይችልም፤ እያፈገፈገ ስለሆነ ክብደቱን አንዱ እግሩ ላይ መጣል አለበት። በጣለባት ቅጽበት ሮበን የለም።

ሁለተኛው የባየርን የቀኝ ተከላካይ ፊሊፕ ላም ነው። ላም ከኋላ ተነስቶ በውጭ በኩል ሲያልፍ ተመላላሹ ሁለት ልብ ይሆናል። ሮበንን ሲዘጋ ላም ብቻውን ይቀራል። ላምን ሲከተል ውስጡ ይከፈታል። ክሊፕ ላይ የላምን ሩጫ ቆርጠው ነው የሚያወጡት። ሙሉ ጨዋታ እዩ የምለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ አንዳንዴ ወደ ውጭ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ አይደለም፤ ግን ተከላካዩ እንዲጠራጠር በቂ ነው። ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል። መቼ እንደሚያደርገው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ቼልሲ እያለ በሁለቱም መስመር ይሰለፍ ነበር። ቀኝ ላይ የተከለው፣ የቡድን ጓደኛውን ሪቤሪን ደግሞ ግራ ላይ ያደረገው የባየርን አሰልጣኝ የነበረው ሉዊ ቫን ሃል ነው።

መድፈኛው፦ ኮች፣ የካቲት 2017 ባየርን አርሰናላችንን ያደረገው ሲነሳ እኔን እስካሁን ያመኛል።

ኮች፦ ሙኒክ፣ 11ኛው ደቂቃ። ወደ ውስጥ ገባ፣ ከሳጥኑ ውጪ ጠምዝዞ ላይኛው ጥግ ላይ አስቀመጣት። ያው አሁን ያወራሁት ነው። 5ለ1። ለንደን ላይም 5ለ1፣ እዚያም አገባባችሁ። ድምር 10ለ2። በ2014 በረኛችሁ ቼዝኒ ሮበንን ጥሎ በቀይ የወጣበትን ልጨምር?

መድፈኛው፦ ይበቃኛል ኮች።

ሰማያዊ ደም፦ ኧረ ይጨምሩለት!

የፒያሳ ልጅ፦ ማድሪድ ለምን ሸጠው?

ኮች፦ በ2009 ክረምት ሮናልዶና ካካ ገቡ። ቦታም ገንዘብም ያስፈልግ ነበር። ሮበን መሄድ አልፈለገም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባየርን ገዛው፤ በማግሥቱ ቮልፍስቡርግ ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት አገባ። በዚያው ክረምት ማድሪድ ሌላውን የኔዘርላንድ ልጅ ዌስሊ ስናይደርንም ለኢንተር ሸጧል። ግንቦት 2010 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ባየርን ከኢንተር ነበር። የት? ማድሪድ፣ በርናቤው ላይ። የተባረሩት ሁለቱ ልጆች የባለቤቱ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ኢንተር 2ለ0 አሸነፈ።

አዲስ ገቢ፦ ፀጉሩ መቼ ነው ያለቀው?

ኮች፦ ቀጣይ።

ሰማያዊ ደም፦ ሁላችሁም ታሞግሱታላችሁ እንጂ ሰውዬው አስመሳይ ነው። 2014 የዓለም ዋንጫ ላይ ሜክሲኮን በውሸት ሪጎሬ ነው ያስወጣው።

ሙኒክ ነዋሪ፦ የምን ውሸት? የሜክሲኮው ተከላካይ ራፋ ማርኬዝ እግሩን ረግጦታል።

ሰማያዊ ደም፦ ራሱ ከጨዋታው በኋላ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል እኮ!

ሙኒክ ነዋሪ፦ ያመነው በመጀመሪያው አጋማሽ የወደቀውን ነው። የ94ኛውን ደቂቃ አይደለም። ሁለቱን አታምታታ።

ሰማያዊ ደም፦ አንዴ ያስመሰለ ሁለቴ አያስመስልም? ለነገሩ እናንተ በ2012 በራሳችሁ ሜዳ ከእኛ ከቼልሲ የደረሰባችሁ ነው የሚያናድዳችሁ።

መድፈኛው፦ ባስ አቁማችሁ፣ በመከላከል ብቻ የወሰዳችሁትን ዋንጫ ነው?

ሰማያዊ ደም፦ አንተ ዝም በል፣ እናንተ ጋ ባስም ዋንጫም የለም።

ኮች፦ በቃ! ይሄን ቦታ መርካቶ አደረጋችሁት። ሙኒክ ነዋሪ ያለው ልክ ነው፤ የጥፋቱ ይቅርታ የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ላለው ነው። ሮበን ይወድቅ ነበር፣ አልክድም። ግን ሰማያዊ ደም፣ የ2010ን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ከስፔን ጋር ያለውን፣ ሙሉውን አይተኸዋል? 83ኛው ደቂቃ ላይ ሮበን ሲያመልጥ የስፔኑ ተከላካይ ፑዮል ከኋላ ይዞ ጎተተው። ቢወድቅ ፑዮል ሊባረር ይችል ነበር። አልወደቀም፤ ሚዛኑን ስቶ እየሮጠ ቀጠለ፣ በረኛው ካሲያስ ወጥቶ ኳሷን ያዘበት። ዳኛው ምንም አላለም። ልጅ ሳይወድቅ ሲቀር እንዲህ ከተደረገ ምን እንዲማር ትፈልጋለህ? ያስመስል አላልኩም። ከየት እንደመጣ ነው የምነግርህ።

የፒያሳ ልጅ፦ ካሲያስ ካነሱ አይቀር፣ ያቺን ብቻውን የሳታትን ንገሩን።

ኮች፦ 62ኛው ደቂቃ። ስናይደር በተከላካዮቹ መሃል አሾለከለት። ብቻውን ከበረኛ ጋር። ካሲያስ ወደ ሌላው ጎን ወድቋል፤ እግሩ ግን ወደ ኋላ ቀረችና ኳሷ ጫፏን ነክታ ወጣች። ሰው «ሳታት» ይላል። እኔ ካሲያስ አዳነ ነው የምለው። በ116ኛው ኢንዬስታ ለስፔን አገባ።

የካዛንቺሷ፦ ከዚያ ሁሉ በፊት በ2004 አውሮፓ ዋንጫ ላይ አሰልጣኙ አስወጥቶት ብዙ እንደተወራ ሰምቻለሁ።

ኮች፦ ታስታውሻለሽ! ከቼክ ሪፐብሊክ ጋር ነበር። የ20 ዓመት ልጅ ነው፤ ሁለቱንም የኔዘርላንድ ጎሎች ያመቻቸው እሱ ነው። 2ለ1 እየመሩ ዲክ አድቮካት አስወጥቶት ቦስፌልትን አስገባ። ውጤት ለማስጠበቅ መሆኑ ነው። ቼክ ሁለት ጨምራ 3ለ2 አሸነፈች። የኔዘርላንድ ሕዝብ አድቮካትን በቁሙ ቀበረው። ቡድኑ ግን አለፈ፤ ሩብ ፍጻሜ ላይ ስዊድንን ያሰናበተችውን የመጨረሻዋን ሪጎሬም የመታው ሮበን ነው።

አዲስ ገቢ፦ ሳላህ ይበልጣል ሮበን?

ኮች፦ ሌላ ቀን። ዛሬ ከጀመርነው አይነጋልንም።

ግራኝ 11፦ ኮች ጤና ይስጥልኝ። 16 ዓመቴ ነው፣ ግራ እግረኛ ነኝ፣ ቀኝ ክንፍ ነው የምጫወተው። የጭኔ የኋላ ጡንቻ ከያዘኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። አሁን ስራመድ አያመኝም፣ ስሮጥ ብቻ ትንሽ ይወጋኛል። እሁድ ውድድር አለን። ሮበንም እየተጎዳ ይጫወት ነበር አይደል?

ኮች፦ አትጫወት። አሁን ሁላችሁም ስሙኝ፣ ምክንያቱም ይሄ ጥያቄ በየሳምንቱ ነው የሚመጣው።

ሰኔ 2010፣ ከዓለም ዋንጫው በፊት ኔዘርላንድ ከሃንጋሪ የወዳጅነት ጨዋታ አደረገች። 6ለ1። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሮበን በተረከዙ ሊያቀብል ሲል የጭኑ የኋላ ጡንቻ ያዘው። ሁለት ጨዋታ አለፈው፣ ካሜሩን ላይ ተቀይሮ ገባ፣ ስሎቫኪያ ላይ አገባ፣ ኡራጓይ ላይ በቴስታ አገባ፣ ፍጻሜ ደረሰ። ሰው እዚህ ድረስ ያለውን ነው የሚያወራው። ሙኒክ ሲመለስ የክለቡ ሐኪሞች ሲያዩት ጡንቻው በደንብ ተቀዷል። እስከ ጥር 2011 ሜዳ አልገባም። ስድስት ወር! ባየርን ከኔዘርላንድ ፌዴሬሽን ጋር ተጣላ፣ ካሣ ጠየቀ። በመጨረሻ የተስማሙት በግንቦት 2012 ባየርንና ኔዘርላንድ የወዳጅነት ጨዋታ እንዲያደርጉ ነው። እሱ እንግዲህ የጀርመን ሐኪም፣ ማሽን፣ ገንዘብ ሁሉ ያለው ነው። አንተ ምን አለህ?

ስትራመድ አለማመሙ መዳን አይደለም። ይህ ጡንቻ የሚፈተነው በሙሉ ፍጥነት ስትሮጥና ድንገት ስትቆም ነው፤ የአንተ ጨዋታ ደግሞ ያው ነው። ባለሙያ ይይህ። ስትድን ይቺን ልመድ፦ ለስላሳ ነገር ላይ በጉልበትህ ተንበርከክ፣ ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን መሬት ላይ አጥብቆ ይያዝ፣ ከጉልበት እስከ ራስ ቀጥ ብለህ ቀስ እያልክ ወደ ፊት ውረድ። መያዝ ሲያቅትህ በእጅህ ተቀበል። መጀመሪያ ጥቂት ብቻ፤ በማግሥቱ ጭንህ ያስለቅስሃል። የፊፋ የማሟሟቂያ ፕሮግራም ውስጥም አለች። አሁን ግን አይደለም፤ ስትድን።

ሰማያዊ ደም፦ 2012 ካነሱ አይቀር፣ የፍጻሜውን ሪጎሬ ይንገሩን እንጂ ኮች።

ኮች፦ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ነው፣ ባየርን ከቼልሲ። የቼልሲው ድሮግባ ሪቤሪን ጠለፈ፣ ተጨማሪው ሰዓት ላይ ነው። ሮበን መታ፣ በረኛው ፒተር ቼክ አዳነ። ቼልሲ አብረው ሲለማመዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በመለያ ምቱ ባየርን ተሸነፈ። የሚያሳዝነው ግን ከሦስት ቀን በኋላ ያለው ነው። ያ የካሣ ጨዋታ በዚያው ስታዲየም ተደረገ። ሮበን በብርቱካናማ ማሊያ ሲገባ የራሱ ክለብ ደጋፊ አፏጨበት። ካሣው የተጠየቀው በእሱ ጡንቻ ነው፤ ስድቡንም እሱ ጠጣው።

ሙኒክ ነዋሪ፦ እኔ እዚሁ ከተማ ነው የምኖረው። እነዚያው ደጋፊዎች ከዓመት በኋላ ስሙን ሲዘምሩ ነበር። ዌምብሌይን ይንገሩልን።

ኮች፦ ግንቦት 2013፣ ዌምብሌይ ላይ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ከዶርትሙንድ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። በዚያ ዓመት ሮበን ቋሚ ተሰላፊ አልነበረም። ሚያዝያ ላይ ከዩቬንቱስ ጋር ቶኒ ክሮስ ገና በጨዋታው መጀመሪያ ተጎዳ፣ ሮበን ገባ፣ ከዚያ አልወጣም። ፍጻሜው ላይ ለማንጁኪች ጎል አመቻቸ። 1ለ1 ሆነ። 89ኛው ደቂቃ ላይ ሪቤሪ በተረከዙ ነካለት፣ ሮበን በመሃል ሾልኮ በረኛውን ቫይደንፌለርን አታለለና ቀስ አድርጎ አንከባለላት። ይቺ ጎል ላይ ከመስመር ወደ ውስጥ መግባት የለም፤ ጠምዝዞ መምታትም የለም። «አንድ ነገር ብቻ ነው የሚችለው» የምትሉ ይቺን እዩ። በ2014 የዓለም ዋንጫ ስፔንን 5ለ1 ሲያሸንፉ ያገባቸውን ሁለቱንም እዩ። ክሊፕ አይደለም፣ ሙሉ ጨዋታ።

አዲስ ገቢ፦ ኮች፣ ሮበን ለምንድነው ቶሎ ቶሎ የሚጎዳው የነበረው?

ኮች፦ አንተ ሰው፣ አሁን ምን ሳወራ ነበር? ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

የፒያሳ ልጅ፦ አቋርጦ ተመልሶ ነበር የሚባለውስ?

ኮች፦ ለሀገሩ የመጨረሻ ጨዋታው ጥቅምት 2017 ከስዊድን ጋር ነው። በሰባት ጎል ማሸነፍ ነበረባቸው። 2ለ0 አሸነፉ፣ ሁለቱንም እሱ አገባ፣ ከዓለም ዋንጫው ቀሩ። በ2019 ባየርንን ተሰናብቶ ጫማውን ሰቀለ። በ2020 ግሮኒንገንን ልርዳ ብሎ ተመለሰ። የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ ላይ ገና በግማሽ ሰዓት ተጎድቶ ወጣ። በ2021 ጨርሶ አቆመ። በ2022 የሮተርዳም ማራቶንን በ3 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ሮጠ።

ሙኒክ ነዋሪ፦ በላይነህ ዴንሳሞ በ1988 በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው እዚያው ሮተርዳም ላይ አይደል? አንድ ሰዓት ከምናምን ቆሞ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው።

መድፈኛው፦ በመጨረሻ ሮበንን የሚቀድም ሰው ተገኘ!

ግራኝ 11፦ ኮች ይቅርታ፣ እሁድ ግማሽ ሰዓት ብቻ ብጫወትስ?

ኮች፦ አትጫወት አልኩህ። የአሰልጣኝህን ስልክ በውስጥ መስመር ላክልኝ። አሁኑኑ።