ከእሸት ቡና እስከ ኒውዮርክ ዋጋ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ እሸታችንን የምንሸጠው እዚሁ ይርጋጨፌ ነው። ኒውዮርክ ወረደ ሲባል የኛ ዋጋ ለምን ይወርዳል?

መልስ፦ ላኪው ከውጭ ገዢ ጋር ሲዋዋል መነሻው በኒውዮርክ የሸቀጥ ገበያ የሚጠራው የአረቢካ ቡና ዋጋ ነው፤ ለአካባቢውና ለደረጃው ጭማሪ ይደረግበታል። አንተም ቁጭ ብለህ አስላው። እዚያ የአንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ክብደት) ዋጋ በአሜሪካ ሳንቲም ይጠራል። 300 ከተባለ ፓውንዱ 3 ዶላር፣ ኪሎው 6.60፣ ፈረሱላው (17 ኪሎ) 112 ዶላር ገደማ ነው። አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ይፈጃል። ጭማሪውን ሳንቆጥር እሸቱ በኪሎ ከ1.10 ዶላር አያልፍም። ከዚያ ላይ የመፈልፈያው፣ የጭነቱ፣ የባንክ ወለዱና የላኪው ትርፍ ይነሳል። ገበያው ሲወድቅ ደግሞ የመኪና ኪራይና ወለድ አብረው አይወድቁም፤ ቅናሹን የሚሸከመው ገበሬው ነው። በጣም የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ጥያቄ፦ ብር በ2016 ሐምሌ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የምንቀበለው ብር ጨምሯል። ኑሮው ግን ለምን አልቀለለም?

መልስ፦ እህቴ፣ ዶላሩ ከ58 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ገባ። ነዳጁም ማዳበሪያውም በዶላር ነው የሚመጣው። ቡና አምራች ደግሞ እህል ሸማች ነው፤ የለቀማው ብር ሳይከርም በክረምት እህል ይወደዳል። ከቻላችሁ ሁሉንም በእሸት አትሽጡ። ከፊሉን ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ በደንብ አድርቃችሁ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) አድርጋችሁ አቆዩት። መሬት ላይ የደረቀ የአፈር ሽታ ይይዛል፣ እርጥበት የቀረው ደግሞ ይሻግታል።

ጥያቄ፦ የአውሮፓው የደን ሕግ ከኛ ምን ይፈልጋል? የማኅበራችን መዝጋቢ ነኝ።

መልስ፦ ቡናው ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በኋላ ከተመነጠረ ደን እንዳልመጣ ማሳየት ነው። ማሳው ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ በጂፒኤስ የተወሰደ አንድ የመገኛ ነጥብ ይበቃል፤ ከበለጠ ዙሪያውን መለካት ግድ ነው። የኬክሮሱና የኬንትሮሱ አሃዝ ከነጥብ በኋላ ስድስት ቤት ይኑረው። ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው ማሳው እያለ የቤቱን በር መመዝገብ ነው፤ መዝጋቢው ማሳው ድረስ ይሂድ። ሁለተኛው ቁጥሮቹን ማገላበጥ ነው። ይርጋጨፌ ላይ መጀመሪያ 6 (ኬክሮሱ)፣ ቀጥሎ 38 (ኬንትሮሱ) መምጣት አለበት፤ ከተገለበጠ ማሳው ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ደግሞ አስተውል፤ መፈልፈያው የመቶ ሰው እሸት አንድ ላይ ስለሚያጥብ፣ የአንዱ ማሳ መረጃ ከጎደለ ጭነቱ በሙሉ ይያዛል። እሸቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ የአምራቹን ስምና ኪሎውን እዚያው ጻፍ፤ ማታ በቃል አይታወስም።

ጥያቄ፦ ቆልተን ብንልክስ?

መልስ፦ ቀረጡ አይደለም የሚያግደን፤ አውሮፓ የኛን የተቆላ ቡና ያለ ቀረጥ ያስገባል። የተቆላ ቡና ግን ቶሎ ጣዕሙ ይሄዳል፣ ጥሬው ወራት ይቆያል። ከተቆላው ቡና የሚወጣውን ጋዝ የሚያሳልፈው ከረጢትም ዶላር ይጠይቃል። ቡና የሚቆሉት የውጭ ድርጅቶችም የብዙ አገር ቡና እየቀላቀሉ ስለሚሸጡ የሚፈልጉት ጥሬውን ነው። በትንሹ፣ ለታወቀ ደንበኛ መጀመር ይሻላል።