ቁርባን መከልከል፣ ውርጃና የአሜሪካ ካቶሊክ ፖለቲከኞች፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካ ካቶሊክ ፖለቲከኞችና ስለ ቅዱስ ቁርባን ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ቄስ አይደለሁም። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ማንበብ የምወድ ምእመን ነኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ውርጃ የፈጸመ ወዲያው ይወገዛል ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ የውርጃ መብት የሚደግፉት ካቶሊኮች፣ ፕሬዚዳንት የነበሩት ባይደንና የምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ፔሎሲ፣ ለምን አልተወገዙም?

ውግዘቱ የሚነካው ውርጃውን የፈጸመውንና በድርጊቱ በቀጥታ የተባበረውን ነው። ፓርላማ ገብቶ ድምፅ የሰጠ ሰው በዚህ አይያዝም። የፖለቲከኞቹ ጉዳይ የሚነሳው ከላቲን (ምዕራብ) ቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ከቀኖና 915 ነው። በግልጽ በሚታይ ከባድ ኃጢአት በግትርነት የጸና ሰው ቁርባን አይሰጠው ይላል። መወገዝ ሌላ፣ ቁርባን መከልከል ሌላ።

ጋሼ፣ ቄሱ የሰውን ልብ በምን ያውቃል? በጓዳ ተናዝዞ ቢሆንስ?

ልብን የሚመለከተው ቀጥሎ ያለው ቀኖና 916 ነው። ከባድ ኃጢአት እንዳለበት የሚያውቅ ሳይናዘዝ አይቁረብ ይላል። ይሄ የቆራቢው የራሱ ሥራ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች «ሰው ራሱን ይፈትን» ብሎ ጽፏል። 915 ግን የሚያዘው አቀባዩን ነው። ልብ አይመረምርም፤ በአደባባይ የታየውን ብቻ ያያል።

ክርክሩ የሚጦፈውም እዚህ ላይ ነው። «ግትር» ለመባል ስንት ጊዜ መመከር አለበት? ለውርጃ ሕግ ድምፅ መስጠት ራሱ ከባድ ኃጢአት ነው ወይስ ከሩቅ መተባበር (ክፋቱን ሳይፈልጉ በተዘዋዋሪ ማገዝ)? ውርጃ ኃጢአት መሆኑ ላይ ጳጳሳቱ አልተለያዩም። የተለያዩት በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው።

ቤኔዲክት 16ኛ ጉዳዩን ቆርጠውታል ይባላል። እውነት ነው?

በ2004 ነው ነገሩ፤ ያኔ ገና ካርዲናል ራትዚንገር፣ የቫቲካን የእምነት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ። የውርጃ መብት ደጋፊው ካቶሊክ ሴናተር ጆን ኬሪ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ የሴንት ሉዊስ ሊቀ ጳጳስ ሬይመንድ በርክ «አላቆርባቸውም» አሉ። ራትዚንገር ለአሜሪካ ጳጳሳት አጭር ማስታወሻ ላኩ። ለውርጃ ሕግ በተደጋጋሚ የሚቀሰቅስና ድምፅ የሚሰጥ ካቶሊክ ካለ፣ መጀመሪያ እረኛው ለብቻው ያግኘው። ያስተምረው። ካልተመለሰ ቁርባን እንደሚከለከል ያስጠንቅቀው። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሻፈረኝ ብሎ ቢመጣ ግን አይሰጠው።

ጳጳሳቱ በዚያው ዓመት ሰኔ ዴንቨር ተሰብስበው፣ በ183 ለ6 ድምፅ፣ ውሳኔውን ለየሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ተዉት። የማስታወሻው ሙሉ ቃል በሐምሌ በጣሊያኑ ኤስፕሬሶ መጽሔት ላይ ወጣ።

እኔ የራትዚንገር ቅደም ተከተል ልክ ነው ባይ ነኝ። ችግሩ ሁለቱም ወገን የሚመቸውን ብቻ ቆርጦ ያነባል። «ከልክሉ!» የሚለው የብቻውን ምክር ይዘላል። «ተዉዋቸው» የሚለው ደግሞ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳላየ ያልፋል።

ባይደን አንድ ቦታ ተከልክለው ሌላ ቦታ ቆረቡ። ይሄ ቀልድ አይደለም?

የ2004ቱ ውሳኔ ውጤት ነው። በ2019 ደቡብ ካሮላይና፣ ፍሎረንስ ከተማ፣ አንድ ቄስ ከለከሏቸው። ዋሽንግተን ላይ ግን ካርዲናል ዊልተን ግሪጎሪ አልከለክልም አሉ። የፔሎሲ ይብሳል። በግንቦት 2022 የሳን ፍራንሲስኮው ሊቀ ጳጳስ ኮርዲሊዮኒ ከለከሏቸው፤ በሰኔ መጨረሻ ፔሎሲ ቫቲካን ቅዳሴ ላይ ቆረቡ። ቀልድ አልለውም፤ ግን ምእመኑ ግራ ቢገባው አልፈርድበትም።

«በግሌ እቃወማለሁ፣ ግን በሌላው ላይ አልጭንም» የሚሉትስ?

ይህን በደንብ ያብራሩት የኒውዮርኩ ገዥ ማሪዮ ኩሞ ናቸው፤ በ1984 ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር። ከሁሉም እምነት የተመረጠ ባለሥልጣን ነኝና የቤተ ክርስቲያኔን ትምህርት ሁሉ ሕግ ላደርገው አልችልም ነው ነገሩ። ለጾም ወይም ለቅዳሴ ቢሆን እስማማለሁ። የጽንስ ሕይወት ግን ለቤተ ክርስቲያን የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ መልሱ አያጠግበኝም።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የመረጥኩት ሰው የውርጃ መብት ደጋፊ ነው። ልቁረብ?

የመረጥሽው በውርጃ አቋሙ ምክንያት ከሆነ፣ አይሆንም። በሌላ ምክንያት ከሆነ፣ ያው የራትዚንገር ማስታወሻ የሩቅ መተባበር ይለዋል፤ ተመጣጣኝ ከባድ ምክንያት ካለሽ ይፈቀዳል። «ተመጣጣኝ» የምትለዋ ቀላል አይደለችም። ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት።

ያስወረደች ሴትስ ለዘላለም ተከለከለች ማለት ነው?

በፍጹም። ትናዘዝ፣ ትፈታ፣ ትቁረብ። በ2016 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከዚህ ኃጢአት የመፍታት ሥልጣን ለካህናት ሁሉ ሰጥተዋል።

እኛ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮችም በ915 እንዳኛለን?

አይደለም። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ የራሱ ነው፤ የወጣው በ1990 ነው። እዚያ ቀኖና 712 በአጭሩ፣ በአደባባይ ያልተገባቸው ቁርባን ይከለከላሉ ይላል። በእኛ ሕግ ያለ ፍርድ በራሱ የሚወርድ ውግዘት የለም።

የሞት ቅጣት የሚደግፉ ፖለቲከኞችን ማንም አይከለክልም። አድልዎ አይደለም?

ራትዚንገር በሞት ቅጣት ላይ ካቶሊኮች ሊለያዩ ይችላሉ፣ በውርጃ ላይ ግን አይችሉም ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ፍራንቸስኮስ በ2018 የካቴኪዝሙን (የቤተ ክርስቲያኗን የትምህርት መጽሐፍ) ቃል ቀይረው የሞት ቅጣት ተቀባይነት የለውም አስባሉ። በ2025 ደግሞ የውርጃ መብት የሚደግፉት ካቶሊኩ ሴናተር ደርቢን ከቺካጎ ሀገረ ስብከት ሊሸለሙ ነው ተብሎ ጫጫታ ሲነሳ፣ ሊዮ 14ኛ ውርጃን እየተቃወመ የሞት ቅጣትን የሚደግፍ ሰው በእርግጥ የሕይወት ተሟጋች አይደለም አሉ። ስለዚህ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ደርቢን ሽልማቱን ትተውታል፤ መኖሪያቸው ባለበት በስፕሪንግፊልድ ሀገረ ስብከት ግን ከ2004 ጀምሮ ቁርባን እንደተከለከሉ ነው።

ታዲያ ጳጳሳቱ አንድ አቋም ለመያዝ አልሞከሩም?

በ2021 ሞክረዋል። ሰኔ ላይ ስለ ቁርባን ሰነድ ይዘጋጅ ብለው 168 ለ55 ወሰኑ፤ ሁሉም ሰነዱ ባይደንን ይነካል ብሎ ጠበቀ። ኅዳር ላይ ሰነዱ በ222 ለ8 ጸደቀ። የአንድም ፖለቲከኛ ስም የለበትም።