ከቻርጀሩ በፊት ቦይለሩን ይመልከቱ

«የፀሐይ ኃይል ማመንጫም ሆነ አዳዲስ ዕቃዎች የመግዛት አቅም የለንም፤ ታዲያ የቤታችንን የኃይል ፍጆታና የካርቦን ልቀት ለመቀነስ ከምን እንጀምር?» ሲሉ ለጠየቁት የቡድናችን አባል፣ በራሴ ቤት ለጥቂት ዓመታት ሞክሬ ካየሁት ተነሥቼ ለመመለስ እሞክራለሁ። በአጭሩ መልሴ፣ ሙቀት ወይም ቅዝቃዜ ከሚፈጥር ዕቃ ይጀምሩ የሚል ነው፤ ብርሃን፣ ድምፅና ምስል የሚሰጡት ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

እኔ የጀመርኩት በተቃራኒው ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል የስልክ ቻርጀሮችን ሁሉ ከሶኬት ሳልነቅል አልተኛም ነበር፤ በዚህም የቤቱን ሰው ሁሉ አሰልችቻለሁ። በየወሩ የሚመጣው ሂሳብ ግን ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱን የነገረኝ ቆጣሪው ነው። ብዙዎቹ ዲጂታል ቆጣሪዎች ኃይል በተቆጠረ ቁጥር ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አላቸው፤ ስንት ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት (1000 ዋት የሚወስድ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኃይል) እንደሚሆንም ፊታቸው ላይ ተጽፏል። በእኔ ቆጣሪ ቁጥሩ 1000 ነው። አንድ ሌሊት ሁሉም ከተኛ በኋላ ቆሜ ስቆጥር መብራቷ በደቂቃ 25 ጊዜ ብልጭ አለች፤ ይህም 1500 ዋት የሚወስድ ነገር እየሠራ ነበር ማለት ነው። ፍሪጁ በዚያች ሰዓት ዐርፏል። የሚሠራው ማንም የማይጠቀምበትን ውሃ መልሶ መላልሶ የሚያሞቀው ቦይለር ነበር።

ስሌቱን በወረቀት ላይ ሳሰፍረው አፈርኩ። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ያህል ያስፈልጋል፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ 3600 ኪሎጁል ነው። ስለዚህ 50 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የአንድ ስልክ ባትሪ የሚይዘው ግን ከ15 እስከ 20 ዋት ሰዓት ስለሆነ፣ በየቀኑ ከባዶ ቢሞላ እንኳ የዓመት ፍጆታው ከ10 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይርቅም። ዓመቱን ሙሉ የተጨነቅሁበትን ስልክ ቦይለሩ አምስት ቀን ሳይሞላ ይበልጠው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቦይለሩን የምናበራው ለመታጠብ ስንዘጋጅ ብቻ ሲሆን፣ እንዳበቃን እናጠፋዋለን። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሊራባ ስለሚችል፣ ለመቆጠብ ሲባል የጋኑን ሙቀት ከ60 ዲግሪ በታች ማውረድ ተገቢ አይደለም፤ ቁጠባው ከሰዓቱና ከውሃው መጠን ይምጣ። የውሃውን መጠን ለማወቅ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከሻወሩ ሥር አስቀምጠው በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይቁጠሩ። በ50 ሰከንድ ከሞላ ሻወሩ በደቂቃ 12 ሊትር ያፈሳል ማለት ነው። በደቂቃ 7 ሊትር በሚያወርድ የሻወር ራስ ቢተካ፣ በአንድ የ10 ደቂቃ መታጠብ 50 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ማለትም ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይተርፋል።

ወጥ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የድስት ክዳንን ነው። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ማብዛት ሙቀቱን አይጨምረውም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱን ብቻ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ እንዲያልቅ የሚፈልገው ኃይል፣ ያንኑ ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ መፍላት ለማድረስ ከሚያስፈልገው ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ክዳኑን መግጠምና መፍላት እንደጀመረ እሳቱን ዝቅ ማድረግ ምንም ሳያስወጣ ብዙ ያተርፋል። ጥራጥሬ ከሆነ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ቢያድር የማብሰያው ጊዜ በደንብ ያጥራል።

ፍሪጁን 4 ዲግሪ፣ በረዶ ቤቱን ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ማድረግ ይበቃል። በሩ ላይ ወረቀት ዘግተው ሲስቡት ያለ ትግል ከወጣ ጎማው አርጅቷል። መብራትን በተመለከተ፣ ገና ያልተቀየረ ባለ ክር አምፖል ካለ ይቀየር፤ 60 ዋቱን በ9 ዋት ኤልኢዲ ተክተው በቀን አምስት ሰዓት ቢያበሩት በዓመት ከ90 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይድናል። ተዘግተውም ኃይል የሚወስዱ ዕቃዎችን በግምት ከመኮነን መለካት ይሻላል፤ ሌት ተቀን 10 ዋት የሚወስድ ዕቃ በዓመት 88 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ግማሽ ዋት የሚወስደው ግን ጭቅጭቅ አያስፈልገውም።

የካርቦኑ ጉዳይ ከሂሳቡ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ከድንጋይ ከሰል የመነጨ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ወደ አንድ ኪሎግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከውሃ ኃይል የመነጨው ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚያን ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው። መብራታችሁ ከውሃ ኃይል የሚመጣ ከሆነ ኤሌክትሪክ መቆጠቡ ሂሳቡን ያቀልላል እንጂ ልቀቱን እምብዛም አይቀንስም፤ ልቀቱ ያለው በጋዙ፣ በከሰሉና በመኪናው ነዳጅ ላይ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከሰልም ቢሆን ገና በባህላዊ መንገድ ሲከስል የእንጨቱ ኃይል ከግማሽ በላይ ይባክናል።

ምድጃዎ በምን እንደሚሠራ በጥያቄዎ ውስጥ አልገለጹም። በኤሌክትሪክ ከሆነ አንድ ሌሊት ቆጣሪውን ቆጥረው ከቦይለሩ ይጀምሩ፤ በጋዝ ወይም በከሰል ከሆነና ዋናው ሐሳብዎ ልቀቱ ከሆነ ግን ሻወሩን ለጊዜው ይተዉትና ከድስቱ ክዳን ይነሡ።