መልስ፦ በ10,000 ዶላር የተኩስ ሜዳ ይጀመራል?

ወንድሜ፣ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ 20 ሆናችሁ በነፍስ ወከፍ 500 ዶላር አዋጥታችሁ የራሳችሁን የኢላማ ተኩስ ክበብ መክፈት ትችሉ እንደሆነ ጠይቀሃል። ትችላላችሁ። ግን በዚህ ገንዘብ መሬት ለመግዛት አታስቡ። ለጠበቃ፣ ለኢንሹራንስና ለቦታ ጥናት ያዙት። መሬቱን በረጅም ጊዜ ውል ተከራዩ። ከሁሉ በፊት ግን ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) እዚያ ቦታ ላይ ተኩስ ይፈቅድ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ጎረቤቶችንም ቀድማችሁ አነጋግሩ። የድምፅ አቤቱታ ከተነሳ በኋላ ማስታረቅ በጣም ከባድ ነው።

በ501(ሲ)(7)፣ ማለትም ለአባላት መዝናኛ ክበቦች በተደነገገው የአሜሪካ የታክስ ሕግ ክፍል፣ ከተመዘገባችሁ ለሚሰጣችሁ ልገሳ ለጋሹ የታክስ ቅናሽ አያገኝም። የኢንቨስትመንት ገቢን ጨምሮ ከአባላት ውጭ የምታገኙት ገቢም በጥቅሉ ከጠቅላላ ገቢያችሁ 35 በመቶ እንዳያልፍ።

ድጋፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መሠረት በጠመንጃና በጥይት ላይ ከሚሰበሰበው 11 በመቶ ታክስ የተወሰነው ለተኩስ ሜዳዎች ይውላል። የኮሎራዶ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ለሜዳ ግንባታ የሚሰጠው ገንዘብ አለው፤ እሱን ጠይቁ።

መተዳደሪያ ደንቡን እንደ እድር አጥብቃችሁ ጻፉት፦ መዋጮ፣ ቅጣት፣ የተኩስ ተቆጣጣሪ ተራ። መሬት ውስጥ የሚቀረውን የጥይት እርሳስ ማን፣ መቼ እንደሚያጸዳም ከአሁኑ ወስኑ።